መስገጃችን ላይ የተሰቀለው ፋኖስ

(ይህ ጽሑፍ ቀደም ሲል በሬዲዮ ዝግጅታችን በንግግር የቀረበ ሲሆን፣ «በጽሑፍ አውጡልን» ያላችሁንን አድማጮች ጥያቄ ተቀብለን እዚህ አትመነዋል። «ዓ.ሂ.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



አንዲት እናት ደውለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «መስገጃዬን ስዘረጋ ትንሹ ልጄ ‹እማዬ፣ ይሄ የተሰቀለው ምንድን ነው?› አለኝ። ‹ፋኖስ ነዋ!› አልኩት። ‹ለምን ፋኖስ?› ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ።» ጥያቄው ቀላል መስሎን በሁለት ደቂቃ የምንመልሰው መስሎን ነበር። መጻሕፍት ማገላበጥ ስንጀምር ግን ከፋኖሱ ኋላ እቶን፣ ከእቶኑ ኋላ አሸዋና አመድ፣ ከእነርሱም ኋላ የስድስትና የሰባት መቶ ዓመት ታሪክ ተደርድሮ አገኘነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። በመስገጃው ላይ ያለው ቅስት ሚሕራብ ነው። በቅስቱ ውስጥ የተንጠለጠለው ፋኖስ ደግሞ በሱረቱ-ኑር 35ኛ አንቀጽ ላይ የተነገረውን ምሳሌ ያስታውሰናል። አላህ (ሱ.ወ.) በዚያ አንቀጽ ስለ ብርሃኑ ምሳሌ ሲሰጥ በግድግዳ ውስጥ ያለ መስኮት መሰል ጉድጓድ፣ በውስጡ ያለ መብራትና መብራቱን የያዘ ብርጭቆ ተጠቅሰዋል። የጥንት ባለሙያዎች ይህንኑ አንቀጽ በመስጂድ ፋኖሶች አንገት ዙሪያ በሰማያዊ ቀለም ይጽፉት ነበር። ከውስጥ ሲለኮስ ስለ ብርሃን የሚናገረው ጽሑፍ በብርሃን ይነበባል ማለት ነው። ረጅሙ መልስ ግን «እነዚያን ፋኖሶች ማን ሠራቸው? እንዴትስ ተሠሩ?» የሚለው ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚያ ነው።

ብርጭቆ ለእኛ ለሐበሾች በቁርኣን ውስጥ እንግዳ አይደለም። በሱረቱ-ነምል የሳባ ንግሥት ወደ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ቤተ መንግሥት ስትገባ ወለሉ ውሃ መስሏት ልብሷን ከፍ ማድረጓ፣ ወለሉ ግን ከብርጭቆ የተሠራ መሆኑ ተተርኳል። ዐረቦች በልቂስ የሚሏት ይህቺው ንግሥት በአገራችን ትውፊት የምትወሳው ንግሥተ ሳባ ናት። በሐዲሥም ቢሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየዘፈነ ግመል ይነዳ የነበረውን አንጀሻን ሴቶቹን ስለጫነ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ሲነግሩት ሴቶቹን በብርጭቆ ዕቃ መስለዋቸዋል። ይህ አንጀሻ ሐበሻ እንደነበር የዘገቡ የታሪክ ሰዎች አሉ። በዚያ ዘመን ብርጭቆ ውድ፣ ተሰባሪና ተጠንቅቀው የሚይዙት ነገር እንደነበር ከዚሁ እንረዳለን።

ለመሆኑ ብርጭቆ ምንድን ነው? ዋናው አካሉ አሸዋ ነው። አሸዋ ለብቻው እንዲቀልጥ ግን ከ1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በማገዶ የሚነድ የጥንት እቶን እዚያ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ አሸዋውን ቶሎ የሚያቀልጥ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ብርጭቆው በውሃ እንዳይሟሟም ትንሽ ኖራ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ወደ 1100 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ሮማውያን ሶዳውን ያገኙ የነበረው ግብፅ ውስጥ ከዋዲ ናትሩን ሐይቆች ከሚወጣው ናትሮን ነው። ሙስሊሞች ሻምንና ግብፅን ከያዙ በኋላም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ተሠራ። በ1992 በፍልስጢን የባሕር ዳርቻ፣ ኸዴራ አጠገብ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ 17 ትላልቅ የብርጭቆ ማቅለጫ እቶኖች ተቆፍረው ወጥተዋል። ጥሬ ብርጭቆ በቶን እዚያ ይቀልጥና እየተፈለጠ ለየከተማው ሠራተኛ ይሸጥ ነበር።

በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን ግን የናትሮን አቅርቦት ተመናመነ። ባለሙያዎቹም ወደ ሌላ ምንጭ ዞሩ፤ በጨዋማ መሬት የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎችን አቃጥለው በአመዳቸው መጠቀም ጀመሩ። በኢራቅና በፋርስ ይህ የቆየ ልማድ ነበር፤ ለፍልስጢን ሰዎች ግን አዲስ ነው። አዲስ ነገር ደግሞ ያስከፍላል። በሰሜን ፍልስጢን ሸይኽ ቡረይክ በሚባለው ስፍራ (ዛሬ ቤት ሸዓሪም ይባላል) በ1956 በአንድ የጥንት የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ የመሰለ ነገር ተገኘ። ሊነቀል ስላልቻለ እዚያው ተተወ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች መጥተው ሲመረምሩት ድንጋይ ሳይሆን ብርጭቆ ሆኖ አረፈው! ርዝመቱ 3.40 ሜትር፣ ወርዱ 1.95 ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 9 ቶን ነው።

ለምን ትተውት ሄዱ? ተበላሽቶባቸው ነው። የባሕር ዳርቻው አሸዋ በውስጡ የቀንድ አውጣና የዛጎል ስብርባሪ ስላለበት የራሱ ኖራ አለው። ከናትሮን ጋር ሲሆን ልኩ ነበር። የተክል አመድም ግን የራሱን ኖራ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ኖራው በዛ፤ ብርጭቆውም የጠራ ከመሆን ይልቅ የደፈረሰና ለሥራ የማይሆን ድንጋይ ሆነ። የ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበሩት እነዚያ ሰዎች ለብዙ ቀናት ቀንና ሌሊት እሳት ሲያነዱ፣ ብዙ ቶን እንጨት ሲማግዱ ሰንብተው፣ እቶኑን ሲከፍቱ ያዩትን አስቡት። ስለ ሙስሊሞች ሥልጣኔ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረን የተሳካው ብቻ ነው። እኛ ግን ከተሳካው ይልቅ ይህ ዘጠኝ ቶን ውድቀት የበለጠ ይገርመናል። ምክንያቱም የእነርሱ ዘመዶች ተስፋ ቆርጠው አልቀሩም። ልኩን ፈልገው አገኙት፤ በኋላ የመጡት ፋኖሶች በሙሉ የተሠሩት በዚሁ በአመድ ብርጭቆ ነው። በሶርያዋ አር-ረቃ ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ከ796 ጀምሮ በተቀመጡባት ከተማ፣ «ተል ዙጃጅ» ማለትም «የብርጭቆ ጉብታ» በሚባለው ስፍራ የተገኙት እቶኖችና የብርጭቆ ናሙናዎች ባለሙያዎቹ የተለያዩ ቅመሞችን እየለዋወጡ ይሞክሩ እንደነበር ያሳያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። እነዚህ ባለሙያዎች ሁሉም ሙስሊሞች አልነበሩም። በሱር (ጢሮስ) ከተማ አይሁዶች ታዋቂ ብርጭቆ ሠሪዎች እንደነበሩ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ያለፈው መንገደኛ የቱዴላው ቢንያሚን ጽፏል። ክርስቲያኖችም ነበሩ። በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ እቶን ሠርተዋል።

ወደ ኸሊፋዎቹ ከተማ ወደ ሳመራ እንሻገር። ኸሊፋ አል-ሙዕተሲም በ836 (221 ዓ.ሂ.) የቆረቆሯት ይህች ከተማ እስከ 892 የዐባሲዮች መዲና ነበረች። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄርዝፌልድ ከ1911 እስከ 1913 በቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ሲቆፍር ግድግዳ ያጌጠባቸው ቀለመ ብዙ የብርጭቆ ንጣፎችን አገኘ። እነዚህ አልተነፉም፣ በብሩሽም አልተቀቡም፤ በእቶን ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው የተለያየ ቀለም ያላቸውን የብርጭቆ ዘንጎች አንድ ላይ አስሮ ያሞቃቸዋል። መሐል ላይ ቢጫ፣ ዙሪያውን ነጭ፣ ከዚያ አረንጓዴ ቢያደርግ፣ ከፊት ሲታይ አበባ ይመስላል። ከዚያም እንደ ሊጥ ሲለሰልስ ይዞ ይስበዋል። ዘንጉ እየቀጠነ እየረዘመ ይሄዳል፤ አበባው ግን ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ሲበርድ እንደ ካሮት በስሱ ይከትፈዋል። እያንዳንዱ ክታፊ ላይ ያው አበባ አለ። ክታፊዎቹን በሸክላ ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ ወደ እቶን ያስገባል። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ አልፎ ወደ 800 ሲጠጋ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ይጣበቃሉ። ጎድጓዳ ሳሕን ከተፈለገ ንጣፉ እንደገና ይሞቅና በቅርጽ ላይ ይተኛል፤ በራሱ ክብደት ወርዶ ቅርጹን ይይዛል። በመጨረሻም ይሞረዳል፣ ይወለወላል።

ሲነገር እንዴት ቀላል ነው! ጣጣው ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው፣ የለሰለሰ ብርጭቆ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል። እናቶቻችን እንጀራው እንዳይዝባቸው ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያሰሱት ሁሉ፣ ዛሬ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎችም ሸክላውን በማይቀልጥ ነጭ የአፈር ዱቄት ይቀቡታል። ሁለተኛው ቀለማቱ ናቸው። ብርጭቆ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። አንዱ ቀለም ከሌላው አብልጦ ከተኮማተረ ሥራው ከእቶን ወጥቶ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ እንኳ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ሦስተኛው ችኮላ ነው። ትኩስ ሻይ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ስንቀዳ ጧ ብሎ የሚሰነጠቀው ውስጡ ቀድሞ ስለሚያብጥና ውጪው ስለሚቀር ነው። ከእቶን የሚወጣ ብርጭቆ ደግሞ በተቃራኒው ውጪው ቀድሞ ይበርድና ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ወደ 500 ዲግሪ ሲደርስ እዚያው ማቆየት፣ ከዚያ እሳቱን ቀስ በቀስ ማሳነስ ያስፈልጋል። ዛሬ የኤሌክትሪክ እቶን ያላቸው ሰዎች ይህን ለመቆጣጠሪያ ማሽን ትተው ይተኛሉ። የሳመራው ባለሙያ ሙቀት መለኪያ አልነበረውም፤ የእሳቱን ቀለም በዓይኑ እያየ ይነጋበት ነበር።

በግብፅም ሌላ ብልሃት ነበር። በ1965 በፉስጣጥ (በጥንታዊቷ ካይሮ) ቁፋሮ የተገኘ አንድ የብርጭቆ ጽዋ የግብፅ አስተዳዳሪ የነበሩትን የዐብዱ-ሶመድ ኢብኑ ዐሊን ስም ይዟል። እርሳቸው ሥልጣን ላይ የቆዩት ለአንድ ወር ገደማ ብቻ ስለሆነ የጽዋው ዕድሜ በትክክል ታወቀ። ጽዋው ላይ ያለው ቀለም ብርና መዳብ ያለበት ውህድ ተቀብቶ፣ ጭስ በበዛበትና አየር ባጠረው እቶን እንደገና ተተኩሶ የመጣ ነው። ብረቱ በብርጭቆው ቆዳ ውስጥ ስለሚገባ እጥበት አያስለቅቀውም። በዚሁ ግብፅ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚዛን መመዘኛዎች ከብርጭቆ ይሠሩ ነበር። የቀለጠች ጠብታ ላይ የአስተዳዳሪው ማኅተም ይታተማል። ብረት ይዝጋል፣ ይሞረዳል፤ ብርጭቆ ግን ጠርዙ ቢነካ ወዲያው ይታወቃል። ማኅተሞቹ ላይ አላህ ሙሉ አድርጎ መስጠትን ማዘዙ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። ነጋዴ አድማጮቻችን ይህቺን ልብ በሉልን።

አሁን ወደ ፋኖሱ እንመለስ። ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን በሻምና በግብፅ የተሠሩት የመስጂድ ፋኖሶች የዚህ ሁሉ ድምር ናቸው። ፋኖሱ አፉ የሰፋ፣ አንገቱ የጠበበ፣ ሆዱ የተነፋ ነው፤ በትከሻው ዙሪያ ካሉት ጆሮዎች በሰንሰለት ይሰቀላል። ዘይቱና ክሩ ያሉት በውስጡ በምትቀመጥ ትንሽ ብርጭቆ ነው፤ ትልቁ ፋኖስ ለብርሃኑ እንደ ልብስ ነው።

መጀመሪያ ሠራተኛው በረጅም የብረት ቱቦ ነፍቶ ቅርጹን ያወጣል፤ ፋኖሱም ቀስ ብሎ ይበርዳል። ቀጥሎ ሰዓሊው ይረከበዋል። ቀለሙ የተፈጨ ብርጭቆ ነው። ቀዩ ከብረት ዝገት፣ ነጩ ከቆርቆሮ ማዕድን ነው። ሰማያዊው አንዳንዴ ከኮባልት፣ አንዳንዴም ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣው ላጲስ ላዙሊ ከተባለው ውድ ድንጋይ ይመጣል። ይህን ዱቄት በሚያጣብቅ ፈሳሽ አቅልሞ በብሩሽና በመቃ ብዕር ይጽፍበታል፤ ወርቁንም ይቀባል። ከዚያ እንደገና ወደ እሳት!

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ብርጭቆ፣ ፋኖሱም ብርጭቆ። ቀለሙ ቀልጦ እስኪጣበቅ ቢሞቅ፣ ፋኖሱም ለስልሶ እንደ ሰም ሊንጋደድ ነው። ካልሞቀ ደግሞ ቀለሙ ይረግፋል። መፍትሔ የሆነው ለአንዳንዶቹ ቀለሞች እርሳስ እየጨመሩ ከፋኖሱ ቀድመው እንዲቀልጡ ማድረግ ነበር። ያም ሆኖ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ፋኖሱ በእቶን ውስጥ ቆሞ ተተኮሰ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሥር ላይ የብረት ዘንግ ተያይዞለት በእቶኑ አፍ እያሽከረከሩ አሞቁት ይላሉ፤ እየዞረ ያለ ነገር በአንድ ጎን ሊንጋደድ አይችልምና። ፋኖሶቹን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን አንዳንዶቹ ትንሽ ዘመም ያሉ ናቸው። እኛ ይህን እንደ ጉድለት አንቆጥረውም፤ የእሳቱ ፊርማ ነው።

ብዙዎቹ ባለሙያዎች ስማቸውን አልጻፉም። ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ባለውና ለአሚር ቀውሱን በተሠራው ፋኖስ ላይ ግን ዐሊ ኢብኑ ሙሐመድ የተባለ ባለሙያ ስሙን ትቶልናል። የአሚሩ ስም በትልቁ፣ የሠራተኛው ስም በትንሹ።

ከሁሉ የሚበዙት ታዋቂ ፋኖሶች ካይሮ ውስጥ በ1356 ግንባታው ለተጀመረው ለሱልጣን ሐሰን መስጂድ የተሠሩት ናቸው። ሱልጣኑ በ1361 ተገደሉ፤ ሕንጻውን ተጠናቆ አላዩም። የዘይቱ ወጪና የመብራት አብሪው ደመወዝ በእንዲህ ያሉ መስጂዶች ከወቅፍ ይከፈል ነበር። ማታ ማታ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ከፋኖስ ፋኖስ ሲዞር በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት።

ይህ ሙያ ለምን ጠፋ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቲሙር አጠፋው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ቲሙር በ1401 ደማስቆን ሲይዝ ባለሙያዎችን ወደ ሰመርቀንድ አግዟል፤ በ1404 እዚያ የደረሰው የስፔን መልዕክተኛ ክላቪሆ ከደማስቆ ከመጡት መካከል ብርጭቆ ሠሪዎችን ይጠቅሳል። ግን የ1348ቱ ቸነፈር የጨረሰውን ሕዝብና የተዳከመውን የግብፅ ግምጃ ቤትስ የት እንተወው? ቬኒስም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1277 የአንጾኪያ ልዑል የሚል ማዕረግ ከነበረው ገዢ ጋር በገባችው ውል የተሰባበረ ብርጭቆ ከሻም ስለማስወጣት ተጽፏል። ስብርባሪ ስለምን ይፈለጋል ትሉ ይሆናል። ስብርባሪ ከአሸዋ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ማገዶ ይቆጥባል። በ1025 ገደማ በቱርክ ዳርቻ ሰርቼ ሊማኒ ላይ የሰጠመች አንዲት መርከብ ከ1977 እስከ 1979 በተደረገ ቁፋሮ ስትመረመር ሦስት ቶን ያህል ጥሬና የተሰባበረ ብርጭቆ ጭና ነበር። ቬኒስ ስብርባሪውንም አመዱንም ከሻም እየገዛች ሙያውን አዳበረች። በ1569 የዑስማንያው ታላቅ ወዚር ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ ለመስጂድ የሚሆኑ 900 ፋኖሶችን ያዘዙት ከዚያችው ከቬኒስ ነበር፤ ሥዕሉንም አብረው ልከዋል። ተማሪው ለአስተማሪው መሸጥ ጀመረ። በ1860ዎቹም ፓሪስ ውስጥ ብሮካር የተባለ ጠጋኝ የተሰባበሩ ፋኖሶችን ሲጠግን አሠራሩን ደርሶበት፣ በ1867 በራሱ እጅ የሠራቸውን ለትርኢት አቅርቧል።

ብርጭቆው ወደ እኛም አገር ደርሷል። ከድሬዳዋ ብዙ በማይርቀው ሐርላ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ በ2017 ይፋ እንዳደረገው፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ስፍራ፣ የብርጭቆ ዶቃዎችና የዕቃ ስብርባሪዎች፣ እንዲሁም የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። በፍልስጢኗ አል-ኸሊል ደግሞ ብርጭቆ የሚነፉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። የአል-ኸሊል ዶቃና አምባር በግብፅ በኩል እስከ ሱዳን ይሸጥ ነበር።

የሱልጣን ሐሰን ፋኖሶች ከመስጂዱ ወጥተው ካይሮ በሚገኘው የኢስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ተቀመጡ። ጃንዋሪ 24 ቀን 2014፣ ዕለተ ጁሙዓ በማለዳ፣ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ባለው የፖሊስ ሕንጻ ላይ በመኪና የተጠመደ ቦምብ ፈነዳ። ጣሪያው ወረደ፣ መደርደሪያዎቹ ወደቁ፤ ስድስት መቶ ዓመት ከእሳት፣ ከጦርነትና ከመሬት መንቀጥቀጥ የተረፉ ፋኖሶች በአንድ ቅጽበት ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጠጋኞቹ ከመስኮቱ መስታወት ጋር የተደባለቀውን ስብርባሪ በእጃቸው እየለቀሙ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ወርቁን ከወርቅ እየለዩ ወራት ፈጁ። ጨርሶ ሊጠገኑ ያልቻሉም ነበሩ። ሙዚየሙ በጃንዋሪ 2017 እንደገና ሲከፈት ከተጠገኑት ፋኖሶች ብዙዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

እናታችን፣ የልጅዎን ጥያቄ መለስን ይሆን? ሌላ ከጠየቀዎት ደግሞ ይደውሉልን።